ብቻውን የመጣ ጥቂት ነው

ግትሯ ይሏታል፤ እሷም ቅጽል ስሟን አትጠላውም። የአራተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ለመመረቂያ ጥናቷ የመረጠችው ጥያቄ አጭር ነበር፦ ምሳቸው ግቢ ውስጥ ተሠርቶ እየጠበቃቸው፣ ተማሪዎች በር ላይ ወዳለው በርገር ቤት የሚጎርፉት ለምንድን ነው?

«የበርገር ቤቱን ምግብ ለምን መረጣችሁ?» የሚል መጠይቅ በተነች። መልሱ አንድ ዓይነት ሆነ፦ «ስለሚጣፍጥ»። አማካሪዋ፣ «እንግዲህ አለቀ፤ ጻፊው» አላት። እሷ ግን አልተዋጠላትም። ሦስት ቀን በርገር ቤቱ ጥግ ተቀምጣ ዓይንና ጆሮዋን ከፈተች። ብቻውን የመጣ ጥቂት ነው። አንዱ በር ላይ «ኑ፣ እንግባ!» ይላል፤ ስድስቱ ይከተሉታል። አንድ ከሲታ ተማሪ የተጠበሰ ድንቹን ወደ ጓደኛው ሲገፋ አይታ፣

«አትበላም እንዴ?» አለችው።

«ዘይት አይስማማኝም።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ሁሉም እዚህ አይደሉ? ብቻዬን ከግድግዳ ጋር ልፋጠጥ?»

ነገሩ በራላት። የግቢው መመገቢያ አዳራሽ ጠረጴዛዎች ለሁለት ለሁለት ሰው ሆነው ወደ ግድግዳ የዞሩ ናቸው። በቀጥታ ወደ ወጥ ቤቱ ኃላፊ ገሰገሰች። ሴትዮዋ ሃያ ዓመት ሙሉ ከድስት ሥር ያልተለዩ፣ ቁጣቸው ከምድጃው የሚፋጅ ናቸው።

«እትዬ፣ ጠረጴዛዎቹን እንግጠማቸው።»

«ምግቤ አይጣፍጥም ልትይኝ ነው?»

«ምግብዎማ ምንም አይወጣለትም። ችግሩ አቀማመጡ ነው። አንድ ሳምንት ይፍቀዱልኝ፤ ካልሆነ እኔው ራሴ እመልሳቸዋለሁ።»

ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ድፍረትሽስ! በይ ግጠሚ።»

ከሲታውና ጓደኞቹ አገዟት፤ ጠረጴዛዎቹን ለስምንት ለስምንት ሰው እንዲሆኑ ገጣጠሙ። ሰኞ አዳራሹ እንደ ወትሮው ጭር አለ። ግትሯ ግን ቅር አላላትም። ማክሰኞ እነከሲታው መጡና ሳቃቸው እስከ ውጭ ተሰማ፤ በመስኮት ያዩ ገቡ፤ የገቡት ሌሎችን ጠሩ። ሐሙስ ድስቱ ተሟጦ ሃያ ተማሪ ባዶ ሳህን ይዞ ቆመ።

ሴትዮዋ ጭልፋቸውን እንደያዙ ወጡ። «አንቺ ግትር! ይህን ጉድ ያመጣሽብኝ አንቺ ነሽ። ነገ በጠዋት መጥተሽ ድንች ትልጫለሽ!» አሉ፤ ፈገግታቸውን ግን መደበቅ አቃታቸው።

በርገር ቤቱ አልተዘጋም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም ይሞላል። ይህንንም በጥናቷ ውስጥ ሳትደብቅ ጻፈችው።

«ታዲያ ‹ስለሚጣፍጥ› ያሉሽ ዋሽተውሽ ነው?» አላት አማካሪዋ።

«አልዋሹም። ስለበሉት ምግብ ጠየቅኳቸው እንጂ፣ ከማን ጋር እንደበሉ አልጠየቅኳቸውም ነበር።»