ቅሬው ለኢስራ የወጣ ዕለት

ሸሪፋ ሁለት ልጆች ቀብራለች። ሁለቱም ዓመት ሳይሞላቸው፣ ሁለቱም በክረምት ነው የሄዱት። ከመንደራቸው ወደ ደጋን ጤና ጣቢያ ለመውረድ ወንዙን መሻገር ግድ ነው፤ ነሐሴ ላይ ደግሞ ያ ወንዝ እንኳን ሰው በሬ ይወስዳል። በዚያ ላይ ባሏ በሺር ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውሎ አዳሪ ስለሆነ፣ እሱ ሳይፈቅድ ልጅ ታቅፎ ከቤት መውጣት አልተለመደም። ሁለቱም ልጆች «በሺር እስኪመጣ» ሲባል ነው ያለፉት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የስምንት ወሯ ኢስራ ጡት እምቢ አለች። ትንፋሿ ይጣደፋል፤ በተነፈሰች ቁጥር የጎኗ ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሳሊሃ ይህን ያየች እናት ሰዓት ሳታባክን እንድትሮጥ ደጋግማ ነግራታለች። ሸሪፋ በሺር ጋ ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ልጇን አቅፋ ስትወጣ አማቷን ዘይቱናን በር ላይ አገኘቻቸው።

«እማ፣ ዛሬ አልጠብቅም» አለቻቸው።

ዘይቱና የሕፃኗን ደረት ገልጠው አዩ።

«እኔስ ሁለት ጊዜ ጠብቄ ምን አተረፍኩ? ነይ» አሉና ከፊት ቀደሙ።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ግን ደራሽ ጎርፍ ወርዷል። ሸሪፋ ልጇን አቅፋ ዳሩ ላይ ቀረች። ዘይቱና በሩጫ ወደ መስጊዱ ተመለሱ፤ ወንዶቹ አሱር ሰግደው ሲወጡ ደረሱባቸው። ቅሬ የሚባለውን የመንደሩን የቀብር ማኅበር የሚመራውን ዳኛ ሸረፈዲንን በሰው ፊት ያዙት።

«እነዚያን ሁለቱን ስትቀብሩ አንድ ሰው አልጎደለም ነበር። ለሞተ የሚወጣ ቅሬ፣ ላልሞተ አይወጣም?»

ሸረፈዲን ወደ ወንዶቹ ዞረ። ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡን አሰረና ገመድ እንዲመጣ አዘዘ። ከየቤቱ የጭነት ገመድ ተግተልትሎ ወጣ። ወንዙ ዳር ወርደው ውሃው ሰፋ ብሎ ረጋ የሚልበትን ቦታ መረጡ፤ አንድ ዋናተኛ ተሻግሮ የገመዱን ጫፍ ማዶ ካለ ዋርካ ጋር አሰረው። ወንዶቹ ገመዱን በብብታቸው ይዘው ከዳር እስከ ዳር ተሰለፉ።

ኢስራ በጋቢ ተጠቅልላ ከእጅ ወደ እጅ ማለፍ ጀመረች። መሀል ላይ አንዱ ተንገዳገደ፤ ሸሪፋ «ያረቢ!» ስትል የወዲያኛው ልጅቱን ተቀበለው። ልጅቱ ማዶ ስትደርስ የጎርፉን ድምፅ የሚያስረሳ እልልታ ተነሳ። ሸሪፋም በሁለት ወንዶች መሀል ገመዱን ጨብጣ ተሻገረች። ቀዝቃዛው ውሃ አልታወቃትም። ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስዳት ባጃጅ ላይ ስትወጣ ቀሚሷ እየተንጠባጠበ ነበር።

የጤና ጣቢያው ሰዎች የሳንባ ምች ነው ብለው መድኃኒት ጀመሩላትና ኦክስጅን አስገጥመው ወደ ኮምቦልቻ በአምቡላንስ ላኳቸው። በማግስቱ ጠዋት ኢስራ ዓይኗን ገልጣ የእናቷን ጡት ጎትታ ያዘች። ሸሪፋ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች።

ያን ጊዜ ስልኩን ሲከፍት ወሬውን የሰማው በሺር የሥራ ልብሱን እንደለበሰ እየሮጠ ገባ። ማን ፈቀደ ብሎ ሳይጠይቅ፣ ከሸሪፋ ቀጥለው ገመዱን ይዘው የተሻገሩት እናቱ ዘይቱና ቀደሙት።

«እኔ ፈቀድኩ። ከእንግዲህ ለዚህ ነገር ፈቃድ የለም።»

በሺር ጎንበስ ብሎ የልጁን እግር ሳመ።

ሸሪፋ ለሸረፈዲን ደወለች። ልጅቱ ጠባች ስትለው ስልኩ ውስጥ «አልሐምዱሊላህ» የሚል የብዙ ሰው ድምፅ አስተጋባ። ሲረጋጋ ሸረፈዲን ቅሬው ተሰብስቦ መወሰኑን ነገራት፦ ከዛሬ ወዲያ ክረምት ሕፃን ሲታመም፣ ልክ ለቀብር እንደሚባለው፣ ጥሪ ይደረጋል፤ የቀረም ይቀጣል።