ዘጠና ሰከንድ የሚጠብቅ ኮምፒውተር

ኮምፒውተራችሁ «አልነሳም» ብሎ በጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ሲደረድርባችሁ፣ የጻፈውን አንብባችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። እኔም አላውቅም ነበር። ዕድሜ ልኬን የሰው ጽሑፍ እያረምኩ፣ በጋዜጣ እየተሟገትኩ የኖርኩት ሰውዬ፣ ሃያ መስመር ፊቴ ተደርድሮ አንዱንም ሳላነብ ተሳደብኩ።

ኮምፒውተሩ የእህቴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አዋላጅ ነበረች። ጡረታ ስትወጣ ስላዋለደቻቸው ሴቶች መጻፍ ጀመረች። «ሳልጨርስ እንዳታየው፤ አንተ ስህተት ስትለቅም ነገሩ ይሞትብኛል» ትለኝ ነበር። ሳትጨርስ ሞተች። ሁለታችንም ትዳር አልያዝንም፤ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና ያ ጽሑፍ ነን። ሌላ ቅጂ የለውም። ሦስት ወር ሙሉ አልከፈትኩትም። ማክሰኞ ጠዋት እንደ ምንም ወኔ አግኝቼ ስከፍተው ሊኑክሱ፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ አልነሳ አለ።

ተሸክሜ ጥገና ሱቅ ሄድኩ። ጠጋኙን ሰፈሩ «ፎርማት» ይለዋል፤ ለሁሉም በሽታ መድኃኒቱ አንድ ነው። አብርቶት ስክሪኑን በቅጡ እንኳ አላየም።

«ጋሼ፣ ይሄ አልቆለታል። ሁሉንም አጥፍተን አዲስ እንጫንልዎት።»

«ምን ብሎ ነው የጻፈው?»

«ዝም ብሎ ይለፈልፋል። ሊኑክስ እኮ ወሬኛ ነው።»

«ውስጡ ያለው ጽሑፍስ?»

«ሌላ ቦታ ባክአፕ አላስቀመጡም? እንግዲህ ጥርስ ሲነቀል ሥሩም አብሮ ነው የሚሄደው።»

ተራ የሚጠብቁት ሳቁ። ከእጁ ነጥቄው ወጣሁ።

ቤት ገብቼ የስልኬን ስሞች ከላይ እስከ ታች ወረድኳቸው። ግማሾቹን በጽሑፍ አስቀይሜያቸዋለሁ፤ ግማሾቹ አልፈዋል። የቀረችው የእህቴ የሥራ ባልደረባ፣ የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ናት። ሊኑክሱንም የጫነችላት እሷው ናት።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት? ስንት ጊዜ ደወልኩ፣ አያነሱም።»

«ኮምፒውተሩ አልነሳ አለኝ» አልኩ።

«ቀይ ጽሑፍ አለው? የመጀመሪያውን ቀይ ያንብቡልኝ። ዋናው ስህተት እሱ ነው፤ ከታች ያሉት የሱ ልጆች ናቸው።»

ፊደል በፊደል አነበብኩላት። ማሽኑ አንድ ዲስክ ዘጠና ሰከንድ ጠብቆ እንዳጣው ይናገራል።

«ከጎኑ የሚሰካ ዲስክ ነበራት። የት ሄደ?»

«ለሰው ሰጠሁት» አልኳት። ፎቶዎቹን እንዲያይ ለአጎታችን ልጅ ነቅዬ የሰጠሁት እኔው ነኝ።

«በቃ፣ ምንም አልሆነም። ሲነሳ እንዲያገኘው የተመዘገበለትን ዲስክ ነው የሚጠብቀው። አይመጣም ብሎ የነገረው ሰው የለም።»

ስልኩን ከጆሮዬ ትንሽ አራቅሁት።

«አሉ ጋሼ?»

«አለሁ።»

የይለፍ ቃሉን ነገረችኝ። ዲስኮቹ የተመዘገቡበትን ፋይል እየመራች አስከፈተችኝና የጠፋው ዲስክ ያለበትን መስመር አስፈለገችኝ። «ከመስመሩ ፊት መሰላል የምትመስለዋን ምልክት ያስገቡ፣ ስልክ ላይ ሒሳብ ሲሞሉ መጨረሻ ላይ የሚነኳትን። ማሽኑ ያንን መስመር ዘሎት ያልፋል። እንዳይሰርዙት ብቻ፤ ዲስኩ የተመለሰ ቀን ምልክቷን ያነሷታል።»

ፋይሉን አስቀምጬ ማሽኑን ዳግም አስነሳሁት። ተነሳ።

«እሑድ መጥቼ ልይዎት?»

«ሥራ አለብኝ» አልኳት። ምን ሥራ እንዳለብኝ እግዜር ይወቅ።

ጽሑፏ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ነው። እስኪመሽ አነበብኩት። የመጨረሻው ገጽ «ሕፃኑ አላለቀሰም፤ እኔም» ይልና እዚያው ይቆማል። እሷ ምን እንዳደረገች የምጠይቀው ሰው ፈልጌ ቀና አልኩ። ማንም የለም።

ስለዚህ ፎርማት፣ ይህንን የምጽፈው ለአንተ ነው። ቁልፉ አንድ ቀይ መስመር ነበር። እሱን ላለማንበብ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ልታጠፋ ነበር። ከኔ በፊት አምነውህ የተዉልህስ? የስንት ሟች ደብዳቤ፣ የስንት ልጅ ፎቶ አንድ መስመር ሳታነብ ጠረግህ? ለብቻዬ ጠርተህ ይቅርታ እንዳትለኝ፣ አልመጣም። የሳቁት ሰዎች ባሉበት፣ ከሱቅህ በር ላይ ቆመህ፣ ሁሉም እየሰማ መልስ።