ለድምፅ ሙከራ

እና ቅጂውን እንደገና ወደ መጀመሪያው እመልሰዋለሁ፣ የጆሮ ማዳመጫው ጆሮዬን አግሎታል፣ አዳራሹ ውስጥ ሰዎቹ ፎቶ ለመስቀል ሚስማር ይመታሉ፣ ማታ ይከፈታል፣ መጠለያ አልባ ወገኖችን በተመለከተ የግንዛቤ ማስጨበጫ ዐውደ ርዕይ ይላል ወረቀቱ፣ ፎቷቸው ግድግዳ ላይ፣ ታሪካቸው ከሥሩ በራሳቸው ድምፅ፣ የቀሩኝ ባለ ኮቱ አባባ ብቻ ናቸው፣ ፎቶውስ ግሩም ነው፣ ዓይናቸው መንገደኛ ያስቆማል፣ ድምፃቸው ግን በድን፣ ማንም የለኝም፣ አልወለድኩም፣ ተመስገን ነው፣ አለቀ፣ ይሄን ማን ቆሞ ይሰማል።

ከቃለ መጠይቁ በፊት የተቀዳው ግን። ወይኔ። ለሁሉም የምለውን አልኳቸው፣ ለድምፅ ሙከራ ነው አባባ፣ ቁርስ ምን በሉ? ምን እንዳልኩ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው፣ ደጅ ላደረ ሰው፣ ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ። እሳቸው ግን ሳቁ፣ ቁርስማ እንቁላል፣ ልጄ ጠብሳልኝ፣ ጨው ታበዛለች፣ ከትንሽነቷም እጇ አይመጥንም፣ ቅር እንዳይላት ጥርግ አድርጌ እበላላታለሁ፣ አሁንም ትጨምርልኛለች፣ ብላ እንጂ አባዬ እያለች። ከዚያ መቅጃውን አዩት። ይሄ ይሰማል እንዴ ልጄ? አይ አባባ፣ ይጠፋል። አደራ። እሺ።

እሺ ያለው አፌ ነው፣ እጄ አላጠፋም። እንዴት ያለ ድምፅ ነው፣ ይሄን ከፎቶው ሥር ባደርገው ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ ለእሳቸው ጥቅም እኮ ነው፣ ለእሳቸው? ባክሽ ተይ፣ ለራስሽ ጭብጨባ ነው። ልጅቷ መጥታ ብትሰማስ፣ ትወስዳቸዋለች፣ ወይ አይታ ታልፋለች፣ ወይ ከነጭራሹ የለችም፣ እንቁላሉንም እሷንም እዚያው የፈጠሯቸው እኔ እንዳላፍር ነው።

እኔ እንዳላፍር። ደጅ አድረው፣ ባዶ ሆዳቸውን፣ ለእኔ ተጨነቁ፣ ስንት ዘመኔ ነው እንዲህ የተጨነቀልኝ ሰው ካጣሁ፣ ከሥራ ስገባ እንኳ በላሽ ወይ የሚለኝ የለም፣ ያለችኝን አንዲት ደግነት ደግሞ ግድግዳ ላይ ልሰቅላት።

አጠፋሁት።

ጨረስሽ እህት? ይላል ባለ መዶሻው፣ ጨርሻለሁ፣ ደስ ይለኛል፣ አሁኑኑ ሄጄ ብነግራቸው፣ አባባ አደራዎን ጠብቄያለሁ ብላቸው፣ ግን የት፣ የትኛውን በር አንኳኩቼ።