የኤሜት ስድስት ቀለሆች

ሃልቨር ሞን ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። ጠመንጃ መጠገኑን ከተወ ቆይቷል። ቢሆንም በዚያች የሞንታና ከተማ ማንም የማያውቀው አሮጌ ጥይት ሲገኝ አሁንም የሚወሰደው ወደ እሱ ነው።

ስለዚህ ቬርና ከሸሪፉ ቢሮ ትንሽ ከረጢት ይዛ ስትመጣ አልገረመውም። ቬርና የቢሮው ጸሐፊ ናት፤ የድሮ ጓደኛው የኤሜት ልጅ።

«አጎቴ ሃልቨር፣ ዛሬ እንኳ ይሸነፋሉ» አለችው ባዶ ቀለሆቹን ጠረጴዛው ላይ እየዘረገፈች። «ሸሪፉ መጽሐፍ ሲያገላብጥ ውሎ ተስፋ ቆረጠ።»

«ሸሪፍሽ የጫማውን ቁጥርስ ያውቃል?»

ሳቀች። የሰሜኑ ሸንተረር ደን ከተቃጠለ በኋላ እሳት አጥፊዎቹ ከገደሉ ሥር ስድስት ቀለህና ጥቂት አጥንት አግኝተዋል። «የድሮ አዳኝ ይሆናል ይላሉ። ምስኪን።»

ሃልቨር አንዱን አንስቶ ቂጡን ወደ መስኮቱ አዞረ። የፋብሪካው ማህተም የታወቀ ነው። ሲለካው ግን ቁመቱ አጠረ፤ ጠርዙም ቀጥኗል። ለሌላ ጠመንጃ የተሠራ ቀለህ ተቆርጦና ተሞርዶ፣ ፋብሪካዎች ጥይቱን መሥራት ላቆሙለት ጠመንጃ እንዲሆን ተደርጓል። የሞረዱ ጭረት ወደ ግራ ያዘነብላል። ሃልቨር ግራኝ ነው።

በአካባቢው እንዲህ ያለ ጠመንጃ የነበረው ኤሜት ብቻ ነበር።

ከአርባ ስድስት ዓመት በፊት ኤሜት ከሚስቱ ከኦፓል ጋር ተጣልቶ፣ ጠመንጃውን አንግቶ እንደወጣ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ኦፓል የዘጠኝ ዓመቷን ቬርናን በእጇ ይዛ መጣች። «የሰሜኑን ሸንተረር ሄደህ እይልኝ» ብላ ለመነችው። ኤሜት አላስካ ሄዶ ስለመኖር ማውራት ይወድ ነበርና ሃልቨር፣ «ጥሎሽ የሄደን ሰው ገደል ለገደል አልፈልግልሽም። አርፈሽ ልጅሽን አሳድጊ» አላት። ከተማውም ይህንኑ ተቀበለ። ኦፓል የተተወች መስሏት ሞተች።

«ምነው? እውነትም ተሸነፉ እንዴ?»

«ተቀመጪ ልጄ። እነዚህን የሠራኋቸው እኔ ነኝ። ለአባትሽ።»

«አባቴ አላስካ ነው» አለች፤ ድምጿ የሕፃን ሆነ።

«አልሄደም። ቀለሆቹ እንዴት ነበር የተገኙት?»

«ሦስቱ አንድ ላይ፤ ሦስቱ ደግሞ...» አልጨረሰችውም። ሦስት ተከታታይ ተኩስ የድረሱልኝ ጥሪ መሆኑን የአዳኝ ልጅ አታጣውም።

«ሲጠራን ነበር» አለች።

«እናትሽ ሂድ ብላኝ ነበር። ያልሄድኩት እኔ ነኝ።»

«እናቴ ስትሞት የአባቴን ስም መቃብሯ ላይ እንዳይጽፉ ከለከልኩ» አለች። «እየሰደብኩት ነው ያረጀሁት።»

«ይቅር በይኝ።»

«ዛሬ አይጠይቁኝ፣ አጎቴ ሃልቨር። ዛሬ አልችልም።» ቀለሆቹን አንድ በአንድ ለቅማ ወጣች።

በማግስቱ ሃልቨር ጎረቤቱን ለምኖ መንገዱ እስከሚያልቅበት ድረስ በመኪና ሄደ። በምርኩዙ ተደግፎ ወደ ሸንተረሩ መውጣት ጀመረ። የመጀመሪያውን የከሰለ ዛፍ ሳያልፍ ደክሞት እዚያው አመዱ ላይ ተቀመጠ። «ኤሜት!» ብሎ ተጣራ። ጎረቤቱ ሮጦ ደረሰና፣ አንሥቶ እየደገፈ ወደ መኪናው መለሰው።