«ለምን?» የሚለው ወንበር

ጋዜጣው በበሩ የደብዳቤ ቀዳዳ አልፎ ምንጣፉ ላይ ዷ ሲል ሙሪየል ለብሳ፣ ጸጉሯን አበጥራ፣ የአንገት ጌጧን አድርጋ ትጠብቀዋለች። ባሏ ዴዝመንድ ከሞተ ወዲህ አንድም ቀን በሌሊት ልብስ ወጥ ቤት ገብታ አታውቅም። ብቻዋን በምትኖርበት ቤት ማንን አፍራ እንደሆነ ለሰው አትናገርም።

ሻይዋን ቀድታ፣ ወተት ጨምራ፣ በመስኮቱ በኩል ባለው ወንበሯ ትቀመጣለች። ጋዜጣውን አጥፋ መስቀለኛ ቃላቱን ወደ ላይ አድርጋ መሃል ጠረጴዛው ላይ ታኖረዋለች። እስክሪብቶው ከማዶ ነው፣ እሱ በተወው ቦታ። የመጀመሪያውን ፍንጭ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ጥቂት ታስባለች፣ መልሱን ትናገራለች። ያን ጊዜ ከማዶ ካለው ባዶ ወንበር ጥያቄው ይመጣል።

«ለምን?»

የእንግሊዝ መስቀለኛ ቃላት እንዲያው ትርጉም ጠይቆ የሚለቅ አይደለም። እያንዳንዱ ፍንጭ ሰምና ወርቅ አለው፤ ላይ ላዩን አንድ ተራ ወሬ ያወራል፣ ውስጥ ውስጡን መልሱን ይሸሽጋል። ሰሙን አምኖ የተቀመጠ እንደተቀመጠ ይመሽበታል። ሙሪየል ወርቁን ገና ከሩቅ ነው የምታሸተው። ዴዝመንድ ግን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለዚህ ነገር አልተፈጠረም። ዕድሜውን ሙሉ በባሕር ዳርቻዋ ከተማ ሞርካም ውስጥ ከፋርማሲው ባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሰው ነው፤ ምን ለምን እንደሚሰጥ ሳያውቅ አንዲት ክኒን ከእጁ አትወጣም። ስለዚህ የቤቱ ሕግ ያልተብራራ መልስ አይጻፍም የሚል ነበር። እሷ ትፈታለች። እሱ «ለምን?» ይላል። እሷ ታስረዳለች፣ እሱ አፉን ወደ ግራ ጠምዘዝ አድርጎ ያዳምጥና «በይ ይሁን» ብሎ ይጽፋል። ሌላውን ሰው አሰልችቶ የሚገድል ነገር ነው፤ ለሁለቱ ግን ትዳሩ ራሱ ይኸው ነበር።

ዴዝመንድ ገና በሕይወት ሳለ፣ አንድ የየካቲት ጠዋት «ሰው በላ ምድር ውስጥ የታለበች» የሚል ፍንጭ መጣ።

«ላም!» አለች ሙሪየል ማንቆርቆሪያውን ልታነሳ እየተነሳች።

«ለምን?»

ጀርባዋን ሰጥታው ውሃ እየቀዳች አስረዳችው። «‹በላ ምድር› የሚለውን ገጥመህ አንብበው። የአንዱ ጭራና የሌላው ራስ ሲገናኙ ‹ላም› ይወጣል። የምትታለበው እሷ ናት።» ከዚያ «በይ ይሁን» እስኪላት ጠበቀች። ዝም አለ። ስትዞር እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ወድቋል፤ የሱም አገጭ ደረቱ ላይ አርፏል።

ሐኪሙ በአንድ አፍታ እንዳለፈ፣ እንዳልተሠቃየም ነገራት። እሷ ልትጠይቀው የፈለገችው ግን ሌላ ነበር። ስናገር ሰምቶኛል ወይ? ይህ ለሐኪም የሚቀርብ ጥያቄ ስላልሆነ ዋጠችው።

ወንበሩ መጠየቅ የጀመረው ከቀብሩ ማግስት ነው። መጀመሪያ ፈርታ ከቤት ወጥታ ባሕሩ ዳር እስኪበርዳት ቆማለች። በሦስተኛው ቀን መለሰችለት፤ ፊቷን ወደ ወንበሩ አዙራ፣ ቃል በቃል፣ እንዳይቀርበት አድርጋ። ጠያቂው ግን አይረካም። «በይ ይሁን» የሚለው ቃል አንድም ቀን ከማዶ አልመጣም። እሱ ካላለ ደግሞ አይጻፍም። ሰንጠረዡ ባዶውን ውሎ ማታ ከደረጃው ሥር ካለው ቁምሳጥን ይገባል። አሁን ሙሪየል የምትፈራው ወንበሩን ሳይሆን ወንበሩ ዝም የሚልበትን ቀን ነው።

ልጇ ጊሊያን የጋዜጣውን ቁልል ያገኘችው መጥረጊያ ስትፈልግ ነው። ሌላ ቤት ቢሆን ያልተሞላ መስቀለኛ ቃላት ማለት ሥራ የበዛበት ሰው ማለት ነው። እዚህ ቤት ግን ሌላ ትርጉም ነበረው፤ ጊሊያን ቁልሉን እስከ ታች አገላብጣ አንድም የተጻፈ ፊደል አጣች። ቀደም ሲልም በበሩ በኩል የእናቷን ድምፅ ብቻውን ሲያወራ ሰምታለች። አጎራባች ከተማ ላንካስተር ሄዳ ከአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ክፍል አስያዘች፤ ቅዳሜ ጠዋትም ካፖርቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ገባች።

«እማዬ፣ ክፍሉን እስከ ቀትር ብቻ ነው የያዙልን። አዎ ወይ አይ ማለት አለብኝ።»

«አይ በያቸው።»

«ምን ብዬ? ከወንበር ጋር ታወራለች ግን ደህና ናት ልበላቸው?»

«እኔ ከወንበር ጋር አላወራም» አለች ሙሪየል። ውሸቷን አልነበረም።

«አንዲት ፊደል አልሞላሽም እኮ! አንቺ! ባቡር ላይ የማታውቂውን ሰው ጋዜጣ አሻግረሽ አይተሽ መልሱን ነግረሽ የምታስቆጪ ሴትዮ!»

«መፍታቱንማ እፈታለሁ።»

«እንግዲያው ፍቺዋ። አሁን፣ እዚሁ ፊቴ።» ጊሊያን የማዶውን ወንበር ሳበችው።

«እዚያ አትቀመጪ!»

«ሌላ ወንበር አለሽ?»

አልነበራትም። ሦስተኛው ጊሊያን ያገባች ጊዜ ወደ ጓሮ ወጥቶ ዝናብ በልቶታል። ጊሊያን ተቀመጠች። ወንበሩ እንደማንኛውም ወንበር ሲጥ አለ፣ ሌላ ምንም አልሆነም። ሙሪየል ጋዜጣውን ወደ ራሷ ስባ አነበበች።

«‹ብል ወደ ኋላ ቢሄድ ደረት ውስጥ ይመታል።›» ዐይኗን ሳታነሳ «ልብ» አለች።

«ለምን?»

ጥያቄው ከሁለት አፍ ወጣ። አንዱ የጊሊያን ነው፣ የተሰላቸ። ሌላው ከጊሊያን ትከሻ ኋላ፣ ዝግ ያለ፣ የለመደችው። ሙሪየል የሻይ ኩባያዋን ጨብጣ ያዘች።

«ብልን ከጀርባው አንብቢው። ብ፣ ል። ል፣ ብ። ደረትሽ ውስጥ የሚመታው እሱ ነው።»

ጊሊያን ፊቷ ሲፈታ ታየ። «ምን ዓይነት ክፉ ሰው ነው ይሄን የሚጽፈው!» አለችና ሳታስበው እስክሪብቶውን አንስታ ሞላችው። ሰንጠረዡ ላይ ከየካቲት ወዲህ የመጀመሪያው ቃል ነበር።

ሁለተኛው ፍንጭ ላይ የሱ «ለምን?» ከኮሪደሩ የመጣ መሰለ። ሦስተኛው ላይ ከውጭው በር አጠገብ ሆነ፣ ጆሮ ካልተጣለ የማይሰማ። አራተኛውን የጠየቀችው ጊሊያን ብቻ ናት፤ ወደ ፊት ተደግፋ፣ ካፖርቷን አውልቃ፣ እንደ ልጅ ጓጉታ። ያን ጊዜ ሙሪየል ነገሩ ገባት። ልጇ በጠየቀች ቁጥር እሱ ይርቃል። መፍታቱን ብትቀጥል ጨርሶ ይሄዳል። ዝም ብትል ደግሞ ከቤቱ የምትወጣው ራሷ ሙሪየል ናት፤ ላንካስተር ድረስ ተከትሏት የሚመጣ ወንበር የለም። ጋዜጣውን ገፋችው።

«በቃኝ።»

«እንዴት በቃኝ? ጥሩ ይዘሽ!» ጊሊያን ሰዓቱን አየች፣ ድምፅዋም ተሰበረ። «እማዬ፣ ልወስድሽ ደስ ብሎኝ መሰለሽ? ማታ ማታ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ወድቀሽ የተገኘሽ ይመስለኛል። እኔ እኮ የማውቀው ነገር የለም። ዕድሜ ልካችሁን ሁለታችሁ እዚህች የቃላት ሳጥን ውስጥ ገብታችሁ በሩን ዘጋችሁብኝ። አሁን እንኳ አንድ ነገር ንገሪኝ!»

ሙሪየል ኩባያዋን አስቀመጠች። ከዚያ ለማንም ያልነገረችውን ነገረቻት።

«አባትሽ ሲሞት ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር። ለምን አለኝ፣ እኔ ውሃ እየቀዳሁ አስረዳሁት። ይስማኝ አይስማኝ አላውቅም። ስለ ላም ነበር፣ ጊሊ። ስለ ሞኝ ላም! የመጨረሻው ነገር እሱ ነበር፤ እሱንም ዞሬ አልነገርኩትም። ያው እስከ ዛሬ እየጠየቀኝ ነው።»

ጊሊያን አልሳቀችም፣ አልደነገጠችምም። ፊቷን በመዳፏ ጠርጋ እስክሪብቶውን ያዘች።

«ለእኔ አስረጂኝ።»

«ምኑን?»

«ላሟን።»

ሙሪየል አስረዳቻት። ዐይን ዐይኗን እያየች፣ ቀስ ብላ፣ የአንዱን ጭራ ከሌላው ራስ እያገጣጠመች። ጊሊያን አፏን ወደ ግራ ጠምዘዝ አድርጋ አዳመጠች። ሲያልቅ በጋዜጣው ጠርዝ ላይ ሁለቱን ፊደሎች ጻፈች።

«በይ ይሁን» አለች።

ማንም አላስጠናትም። ልጅ ሳለች ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠዋት ጠዋት በተዘጋው በር በኩል ስትሰማው ያደገችው ቃል ነው። ሙሪየል ጆሮዋን ወደ ኮሪደሩ ጣለች። ምንም አልነበረም፤ ፈረቃውን ጨርሶ የወጣ ሰው የተወው ዝምታ ብቻ። ጊሊያን ስልኩን አንስታ ክፍሉን ለሌላ ሰው እንዲሰጡት ስትናገር፣ ሙሪየል ማልቀስም ማመስገንም አቅቷት ኩባያዎቹን አጠበች።

በማግሥቱ ጋዜጣው ሲወድቅ ገና አልለበሰችም ነበር። በሌሊት ልብሷ፣ ባዶ እግሯን ወረደች፤ የሚያያት የለም። በወንበሯ ተቀምጣ አነበበች።

«‹መጣ፣ ዞሮ ተመለሰ፣ ጣፈጠ።›» መልሱ ወዲያው መጣላት። «ጣመ።»

ጠበቀች። ሻዩ ቀዘቀዘ። ቤቱ የሷ ነው፣ ማንም አይወስድባትም፤ ወንበሩ ግን እንጨት ብቻ ሆኗል። በመጨረሻ ተነስታ ጠረጴዛውን ዞረች፣ በሱ ቦታ ተቀመጠች፣ እስክሪብቶውን አነሳች። ከዚያ ሆና ስታየው ባዶ የሆነው የራሷ ወንበር ነበር።

«ለምን?» ብላ ጠየቀችው፤ ማንም ስላልመለሰላት ራሷው አስረድታ ጻፈችው።