ከብርጭቆው በፊት ዳቦ

እኔ ሲክስተን ግትር ነኝ፤ ማንም ሳይነግረኝ አውቀዋለሁ። በደሴታችን የነሐሴ የሸርጣን ግብዣ ላይ ዘፈን አውራጅ ከሆንኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ሕጉ አንድ ነው፦ እኔ አወርዳለሁ፣ ሌላው ይቀበላል፣ ዘፈኑ ሲያልቅ የአረቄው ብርጭቆ ይጨለጣል።

ጎረቤቴ ሂሌቪ ግን ሕግ አታውቅም። ከልጅነቷ ጀምሮ ስኳር አለባት። ሰው ሁሉ ብርጭቆ ሲያነሳ እሷ ጣቷን ወግታ ትለካለች፣ ዳቦ በቅቤ ትበላለች፣ ከዚያ አንዲት ብርጭቆዋን ይዛ ታመሻለች።

"ጉሮሮሽ ያለ ዳቦ አይከፈትም እንዴ?" እላታለሁ።

"አንተ ዝፈን፣ እኔ ልኑርበት" ትለኛለች።

ዓምና ለእኔም ስኳር ተገኘብኝና ኢንሱሊን ጀመርኩ። ብቻዬን ስለምኖር ማንም አላወቀም፤ ሂሌቪ ብቻ ጀልባ ቤት ውስጥ መርፌውን ስወጋ አየችኝ። ለማንም እንዳትናገር አስማልኳት።

ዘንድሮ ግብዣ ነው ብዬ የእራቱን መርፌ ሙሉውን ተወግቼ ሄድኩ። ሸርጣን ደግሞ እራት ሆኖ ነው! ግማሽ ሰዓት ሰብረህ መጥጠህ ጉርሻ አይሞላም። ሂሌቪ የዳቦውን ሳህን ገፋ አደረገችልኝ። መልሼ ገፋሁት። ሰው እያየኝ እንደሷ ዳቦ ልበላ? ሞቼ እገኛለሁ!

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ግጥሙ ጠፋኝ። ሠላሳ ዓመት የዘፈንኩት! ላብ አጠመቀኝ፣ ምላሴ ተሳሰረ፣ ስነሳ ተንገዳገድኩ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

"ዛሬስ ሲክስተን ቀድሞን ሄደ!" አለ ጀልባ ሠሪው ቶርቢዮርን። "ኑ፣ ወስደን እናስተኛው።"

"እንዳትነኩት!" ሂሌቪ ተስፈንጥራ ተነሳች። ጣቴን ይዛ ወጋችኝ።

"ተይኝ፣ ሰክሬ ነው" አልኳት። ጉድ እኮ ነው! በሽተኛ ከምባል ሰካራም መባልን መረጥኩ።

"ዝም በል፣ አንተ ግትር! ሁለት ነጥብ ሦስት! ከአራት መውረድ የለበትም እኮ! መርፌ ተወግቶ ሳይበላ ስለጠጣ ስኳሩ ወርዶ ነው፤ ጭማቂ አምጡ፣ ቶሎ!"

ጭማቂውን ይዛ አስጠጣችኝ። ጠበቀች፣ ለካች፣ ዳቦ አጎረሰችኝ፣ ደግማ ለካች። ያ ሁሉ ሰው ሲተራመስ እሷ አንዲት እርምጃ አልሳተችም። ስንት ሐኪም አይቻለሁ፣ እንደ ሂሌቪ ያለ ግን አላየሁም።

ራሴን ሳውቅ ሁሉም ከብቦ ያየኛል። ምስጢሬ ወጣ። በዚህ ጊዜ ማመስገን ሲገባኝ ተናደድኩ።

"ምናለ ቢያስተኙኝ? በሰው ፊት ታዋርጅኝ?"

ሂሌቪ መለኪያዋን እየከተተች፣ ቀና ሳትል መለሰችልኝ።

"ወንድሜ ኡልፍ በሃያ ሁለት ዓመቱ እንዲህ ያለ ግብዣ ላይ ተንገዳገደ። ስኳር እንዳለበት እያወቅን፣ ሰክሯል ብለን አስተኛነው። ብርድ ልብስ ያለበስኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ቀዝቅዞ አገኘሁት።"

ኡልፍ በወጣትነቱ መሞቱን እሰማ ነበር፤ እንዴት እንደሞተ ግን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። አፈርኩ። እስከ አጥንቴ አፈርኩ። ጠረጴዛውን ይዤ ተነሳሁ።

"ስኳር አለብኝ" አልኩ፣ ጫፍ ላይ ያለውም እንዲሰማ ጮክ ብዬ። "ቶርቢዮርን፣ አንተም ስማ፦ ከዛሬ ጀምሮ ስንገዳገድ ብታዩኝ፣ ሳትለኩኝ እንዳታስተኙኝ።"