አርባ ሰከንድ

«አጥፊው እንጂ!» አለ ዳይሬክተሩ መከላከያ መነጽሩን እያጠለቀ ሲገባ። «ከዚህ በላይ ምን ትለኪያለሽ?»

ቴክኒሻኗ አላጠፋችም። ዓይኗን ከሰዓቱ ሳትነቅል ጮክ ብላ ትቆጥራለች። «ሠላሳ ስምንት... ሠላሳ ዘጠኝ... አርባ።» ጣቷን ከማብሪያው አነሳች። ስድስት ሜትር በሚረዝመው የመስታወት ገንዳ ውስጥ ተወጥሮ የነበረው አረንጓዴ የሌዘር ጨረር ድርግም ብሎ ጠፋ።

እጅጌዋን ሰብስባ ከገንዳው ጫፍ፣ ውሃው ውስጥ ተሰቅሎ የነበረውን የብረት ሰሌዳ አወጣች። ጨረሩ መጀመሪያ ያረፈው ልክ ባሰመረችው ጭረት ላይ ነበር። እዚያ ብረቱን ሩብ ያህል በልቶታል። ከዚያ ግን እንደደከመው ሰው ቁልቁል ተንሸራቶ፣ እየሰፋና እየሳሳ ሄዶ፣ መጨረሻው የጠቆረ እድፍ ብቻ ሆኗል። ማስመሪያዋን አስጠጋች።

«ስድስት ሴንቲ ሜትር። ይኸው፣ አራት ጣት። ትናንትም አራት ጣት፣ ከትናንት ወዲያም አራት ጣት።»

በቤተ ሙከራው «መለኪያ» ነው የሚሏት። ሳትለካ አትናገርም። አዲስ የመጣ ሰው በቅጽል ስሟ ሲጠራት «የሥራው ነው የመጠጡ?» ብላ ታስቀዋለች። ዛሬ ግን የሚሳቅ ነገር አልነበረም።

«ኃይሉን ጨምሪበታ» አለ ዳይሬክተሩ።

«ጨምሬ አይቼዋለሁ፤ ባሰበት። በጨመርን ቁጥር ጨረሩ ያለፈበት ውሃ ይሞቃል። የሞቀ ውሃ ይሳሳል፣ ሽቅብም ይወጣል። ብርሃኑ ደግሞ ከሳሳው ሸሽቶ ወዳልሞቀው፣ ወደ ታች ያጋድላል። በጠራራ ፀሐይ አስፋልት ላይ ነገሩ ሁሉ ሲንቀጠቀጥ አይተው የለ? እንደዚያው ነው። ኃይል መጨመር እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው።»

ዳይሬክተሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ሦስት ዓመት የለፋበት ሥራ ነው። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ከግድቡ ጠላቂዎች ይመጣሉ። የግድቡን በሮች የደፈነውን የዛገ ፍርግርግ ውሃ ውስጥ ሆነው በዚህ ሌዘር መቁረጥ እንደሚችሉ አይተው ሊዋዋሉ ነው።

«ስሚኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ወፍራሙን ብረት ተዪው። ቀጭኑን ቆርቆሮ ስቀዪ። አምስት ሰከንድ ትተኩሺያለሽ፣ ይበሳል፣ ያጨበጭባሉ፣ ይፈርማሉ። በአምስት ሰከንድ ጨረሩ ለማጋደል አይደርስም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቀስ ብለን እናሻሽለዋለን።»

«እስክናሻሽለው ድረስ ውሃው ውስጥ ያለው ሰውስ?»

«ወንድምሽ ጠላቂ ስለሆነ ነው እንዲህ የሚያደርግሽ።»

«አዎ፣ ስለሱም ነው» አለች ፊቷን ሳታዞር። «እርስዎም ወንድም ቢኖርዎት ይገባዎት ነበር።»

በሩን በኃይል ዘግቶት ወጣ።

ወንድሟ ከሌሎቹ ቀድሞ ደረሰ። አንገቷ ሥር ገብቶ ሳማትና ገንዳውን እንደሚገዛ ሰው ዙሪያውን ዞረው። በስምንት ዓመት ታናሿ ነው፤ በዚሁም ሲቀልድባት ኖሯል። እናታቸው ግን እሱ በጠለቀ ቁጥር የምትደውለው ለእሷ ነው። «ወጣ ወይ?» ትላለች፤ ሌላ ነገር አትልም።

«እታለም፣ አለቃችን መርጦኛል» አለ። «አንዱ ከሩቅ ሆኖ ይተኩሳል፤ የሚቆረጠውን የፍርግርግ ዘንግ እንዳይንቀጠቀጥ የምይዘው እኔ ነኝ።»

«በየት በኩል ነው የምትይዘው?»

«ከሥር ነዋ! እንዲህ።» ከጠረጴዛው ላይ አንድ ዘንግ አንሥቶ ጨበጠ። ጨረሩ ሊያርፍበት ከሚገባው ቦታ አራት ጣት ዝቅ ብሎ።

ቴክኒሻኗ የእጁን አያያዝ አየች። የጠዋቱን ሰሌዳ አንሥታ ከዘንጉ ጎን አቆመችው። እድፉ በትክክል ጣቶቹ ላይ ገጠመ።

ወንድሟ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ እጁን ከዘንጉ ላይ ቀስ ብሎ አነሣ።

«ይሄ በተጣራ ውሃ ነው» አለች። «የእናንተ ድፍርስ ውሃ ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ይሞቃል።»

«ለአለቃዬ ልንገረው?»

«አንተ አይደለህም የምትናገረው። እኔ ነኝ።»

«ሥራሽስ?»

«ጣትህስ?»

ጣቶቹን አየ። «በል ጓንትህን ስጠኝ» አለችው።

ሦስት ሰዓት ላይ የጠላቂዎቹ አለቃ ከሁለት ሰዎች ጋር ገባ። ሽበታም፣ ወፍራም፣ አንድ ጆሮው በውሃ ግፊት የደነቆረ ሰው ነበር። ዳይሬክተሩ ስለ መሣሪያው ሲያስረዳ ደኅናውን ጆሮውን እያዞረ አዳመጠው። ሁሉም መነጽር አደረጉ። ያን ጊዜ ዳይሬክተሩ ወደ ገንዳው ዞረና ክው አለ። የተሰቀለው ቆርቆሮው ሳይሆን ወፍራሙ ብረት ነው። ከጭረቱ አራት ጣት ዝቅ ብሎ ደግሞ አሸዋ የተሞላ ጥቁር የጠላቂ ጓንት ታስሯል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ቴክኒሻኗ የመለሰችው ለእሱ አልነበረም። «አለቃ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የታዘዝኩት አምስት ሰከንድ እንድተኩስ ነው። እናንተ ታች ስትሆኑ ስንት ሰከንድ ትቆርጣላችሁ?»

«እስኪቆረጥ ነዋ!» አለ ሰውዬው። ጓደኞቹ ሳቁ።

«እንግዲያው እኔም እስኪቆረጥ።»

«አንቺ ሴትዮ!» አለ ዳይሬክተሩ፤ ማብሪያውን ግን ተጭናዋለች።

አረንጓዴው መስመር ገንዳውን ሰንጥቆ ጭረቱ ላይ አረፈ። ብረቱ ፈካ፣ አረፋ ተንጣጣ። አምስት ሰከንድ ሲሞላ ዳይሬክተሩ ለብቻው አጨበጨበ። «ይኸው! አያችሁ አይደል? ይበቃል!»

«ስድስት» አለች ቴክኒሻኗ። «ሰባት። ስምንት።»

አሥራ አምስት ላይ መስመሩ ጎበጥ ማለት ጀመረ። ዳይሬክተሩ ሊያጠፋው ሲራመድ የጠላቂዎቹ አለቃ ክንዱን ዘርግቶ ከለከለው። «ተዋት ትቁጠር» አለ። በሃያ አምስት ነጥቡ ከጭረቱ ወርዷል። በሠላሳ ሁለት ጓንቱ ላይ ደረሰ፤ ትንሽ ጭስ የመሰለ ነገር ውሃው ውስጥ ተበተነ። አርባ አለችና ለቀቀችው።

ብረቱ አልተቆረጠም። ጓንቱ ግን በሌባ ጣቱና በመሃል ጣቱ መሀል ተበስቶ አሸዋው ቁልቁል ይፈስሳል። ወንድሟ ሁለት እጆቹን ኪሱ ከተተ።

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል» አለ አለቃው። «ይሄ ደግሞ እያበራ ነው።» ወደ እሷ ዞረ። «መሣሪያው አይረባም ማለት ነው?»

«ይረባል። ያለማቋረጥ ከመተኮስ ይልቅ፣ ትንሽ ተኩሶ፣ አርፎ፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ እንደገና መተኮስ አለበት። ከጎን ቀዝቃዛ ውሃ ቢነፋበትም ይሻለዋል። ይሁንና ሦስት ወር መሞከር አለብኝ። እስከዚያ ድረስ ሰው ከሥሩ መቆም የለበትም።»

ዳይሬክተሩ እንግዶቹን ወደ ቢሮው እየገፋ ወሰዳቸው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ አንድ ወረቀት ይዞ ተመለሰ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል፤ ድምፁ ግን የለሰለሰ ነበር።

«ነገሩ እንዲበርድ ነው» አለ። «ፈርሚና ሁለት ሳምንት አርፈሽ ነይ። ካልፈረምሽ ግን ከነገ ጀምሮ እዚህ ቤት ቦታ የለሽም። እንግዶቹ መኪናቸው ውስጥ ሆነው ይሄን ነው የሚጠብቁት።»

አነበበችው። «በዛሬው ሠርቶ ማሳያ ጨረሩ ከመስመር የወጣው በኦፕሬተር ስህተት ነው» ይላል።

አሥራ አንድ ዓመት የሠራችበትን ክፍል አየች፤ ገንዳውን፣ በእጇ ያጠበቀቻቸውን ቡሎኖች፣ ከመስኮቱ ሥር የተደረደሩትን የልኬት ደብተሮች። እናቷ ስትደውል ምን ብላ እንደምትነግራት አሰበች። እንዲህ ያለ ዜና በቀላሉ የሚነገር አይደለም።

«እስክሪብቶ» አለች።

ዳይሬክተሩ እፎይ ብሎ የራሱን አቀበላት። ወረቀቱን የገንዳው ክዳን ላይ አስቀምጣ «በኦፕሬተር ስህተት» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችው፤ ከላዩ «ውሃው በመሞቁ» ብላ ጻፈች። ከሥር ሰከንዱን፣ ኃይሉንና ስድስት ሴንቲ ሜትሩን ጨምራ ሙሉ ስሟን ፈረመች።

ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም። ወረቀቱን አጣጥፋ በኮሪደሩ በኩል ወጣች። ከኋላዋ ይጠራታል፤ አልሮጠችም፣ አልዞረችም። መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ቀጥ ብላ ሄዳ፣ አለቃው በተቀመጠበት፣ በደኅናው ጆሮው በኩል ያለውን መስኮት አንኳኳች።